መብራት ጠፍቶ ነበር

እናቴን ከቤት ያስወጣት የዳክዬ እንቁላል ነው ብዬ ሳምን ሰባተኛ ዓመቴን ገና አልደፈንኩም ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። ልጅ ማስረጃ ለማግኘት ብዙ አይደክምም፤ ሁለት ነገር ተከታትሎ ከመጣ የፊተኛው የኋለኛውን አመጣው፣ በቃ። እንቁላሎቹ ሰኞ ገቡ፤ እናቴ ሐሙስ ወጣች።

አባቴ ይኸነው እንጅባራ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር፤ ዛሬም ይጠግናል። እጁ ሥራ ሲፈታ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው። ያን ሰሞን ዳንግላ ላይ ዳክዬ የሚያረባ ሙሐባው የሚባል ወዳጅ አፍርቶ ነበር። ሙሐባው ዳክዬዎቹ እንደ ዶሮ አርፈው አይታቀፉልኝም፣ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ውኃቸው ይሄዳሉ እያለ ሲያማርር፣ አባቴ «እኔ ማሽን እሠራልሃለሁ» አለው። ቃሉን ለመጠበቅ የሞተ ፍሪጅ ገዛ። ሆዱን አወጣና አራት አምፖል ሰቀለበት፤ በሩን ቆርጦ መስታወት ገጠመበት፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለች ማራገቢያ፣ ሙቀት ሲበዛ አምፖሎቹን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ከታች ደግሞ የውኃ ሰሃን። ሃያ እንቁላል በካርቶን፣ በጭድ ተሸፍኖ በሚኒባስ መጣ።

እናቴ ምሥራቅ ጋቢዋን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንጅባራ ላይ ጋቢ ከሰው ትከሻ አይወርድም፤ ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

«ይኼን ነገር ቤቴ ውስጥ አታድርግብኝ» አለችው።

«ሶኬቱ ያለው እዚህ ነው። የት ላድርገው?»

«ዳክዬ የምንበላው ነገር ነው እንዴ? ጣቱ የተያያዘ ወፍ።»

«ማን ብዪ አለሽ? የሙሐባው ናቸው። ፈልፍዬ እመልስለታለሁ።»

«እኔ አሁን ለዚህ የሚሆን አቅም አለኝ?» አለችና ጋቢዋን ወደ ፊት ሰበሰበችው። አባቴ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ በእርሳስ ባንዱ ጎናቸው መስቀል፣ በሌላው ክብ አደረገባቸው። ሲገላበጡ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደነበር ለማወቅ ነው። ዳክዬ የመሰለ ነገር ላይ መስቀል መሣሉ እናቴን ይበልጥ አናደዳት።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ በራችን ላይ ሲንተከተክ ነቃሁ። አባቴ ቦርሳዋን ይዞ ቆሟል። እናቴ የበሩን መቃን በአንድ እጇ ይዛ ጎንበስ ብላለች። «አንተ እዚሁ ቅር» ስትለው ሰማኋት፤ «እኔ እህቴን ዳንግላ ላይ አገኛታለሁ። አንተ ቅር።» ከዚያ ዞር ብላ ያን ፍሪጅ አየችው። እኔን አላየችኝም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እንደተኛ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ባጃጁ ሲሄድ አባቴ በሩን ዘጋ፤ የመጀመሪያ ሥራው እንቁላሎቹን ማገላበጥ ሆነ።

ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች ተባልኩ። እናቴ ቀበቶና ሹራብ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ለዚህ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል? ውሸት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ተጣልታ ሄደች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የማሽኑ ቤት ሆነ። የማራገቢያዋ ድምፅ ቀንም ሌትም አይቋረጥም፤ በሩ ሲከፈት የሞቀ አቧራና የረጠበ ጭድ ሽታ ይወጣል። ትምህርት ሳይዘጋ ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አባትና ልጅ ብንነጋገር እንኳ ድምፃችን አይሰማም ነበር፤ ደግሞም አንነጋገርም። አባቴ እንቁላል በቀን ሦስት ጊዜ ያገላብጣል፣ ውኃ በእጁ ይረጫቸዋል፣ ቴርሞሜትሩን እያየ ደብተር ላይ ይጽፋል። ምሳዬን ይሰጠኝና ከእኔ ጋር ሳይቀምስ ወደዚያው ይመለሳል። ከፍሪጁ ጎን እየተጠጋሁ እጄን አሞቅ ነበር፤ የቤቱ ሞቃት ቦታ እሱ ብቻ ነበርና።

የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ወርቅአየሁ ወጥ ልታደርስልን ትመጣለች። እሷና አባቴ ከእኔ የሚደብቁት ነገር ሲኖራቸው አማርኛውን ትተው ወደ አዊኛ ይሻገራሉ። እናቴ የዳንግላ ከተማ ልጅ ስለሆነች እቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እኔ ከአዊኛ የማውቀው እንደ ውኃ፣ እንጀራ፣ ነይ ዓይነት ነገር ነበር። ጆሮዬን አቁሜ የማገኘው «ባሕር ዳር»ን ብቻ ነው። እትዬ ወርቅአየሁ ከንፈሯን ትመጥና ፀጉሬን ትደባብሰኛለች። ሰው ሲደባብሰኝ ሆዴ ስለሚባባ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር።

አመሻሽ ላይ አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ቀርከሃው አጥር ይሄዳል፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ጥግ ላይ ነው። በመስኮት እሰማዋለሁ። «ሙቀታቸው ደህና ነው» ይላል። «አሥራ አራቱ ሕይወት አላቸው። አዎ፣ አሁን አገላበጥኳቸው። አታስቢ።» ለሙሐባው ሪፖርት የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። «አታስቢ» ለወንድ እንደማይባል የታዘብኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጠራኝ። ብርድ ልብስ አልብሶኝ፣ ራሱም ገባና፣ በጨለማው ውስጥ አንዱን እንቁላል የእጅ ባትሪ አፍ ላይ አስቀመጠው። ቅርፊቱ ከውስጥ ቀላ። ቀይ ክሮች እንደ ቅጠል ሥር ተዘርግተው፣ መካከል ላይ ጥቁር ነገር እልም ቦግ ይላል።

«ልቡ ነው» አለኝ አባቴ። «አየሽው ፋና? ትንሽ ነው፤ ግን እየታገለ ነው።»

ፊቱን አየሁት፤ ዓይኑ እርጥብ ነው። እኔን እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ለእንቁላል የሚያለቅስ አባት ያለኝ እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ያኔ ነው እንቁላሎቹን መጥላት የጀመርኩት።

ባለፈው ዓመት እናቴን ለደም ግፊቷ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርድ የምትሞላው ነርስ ዕድሜዋን ጠየቀቻት፤ ቀጥላ «ስንት ወልደዋል እናቴ?» አለቻት።

«ሁለት።»

ጥያቄው ያልገባት መስሎኝ «አንድ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ።

እናቴ እኔን ሳይሆን ነርሷን እያየች «ሁለት በይ» አለቻት።

ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ነገረችኝ። ድምጿን አላወረደችም፤ የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል ነበር። «ወንድ ነበር። ያለ ወሩ ነው የመጣው። ቅዳሜ ተወለደ፤ ባሕር ዳር ማሞቂያ ውስጥ አሥራ ስምንት ቀን ኖረ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? አርባ ቀኑ አልደረሰ፤ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሄደው። ስም የለው፣ ፍትሐት የለው፣ ድንኳን የለው። ማን ሞተ ብለን እንንገርሽ?»

ደግሞ «ማሞቂያው ክፍል አባት አይገባም» አለችኝ። «አንድ እሑድ መጣ፤ በመስታወት አሳየሁትና ተመለሰ። ማታ ማታ ሲደውል ልጁን ማውራት ሁለታችንም አቃተን። ‹እንቁላሎቹስ?› እለዋለሁ። ያቺን የእንቁላል ወሬ ይዤ ነበር የማድረው። እኔ ዳክዬ የማልወደው።» ሳቅ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ስሟ ተጠርቶ ስትነሣ እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ፤ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ እሷ አታውቅም።

ያ እሑድ ትዝ ይለኛል። አባቴ ቴርሞሜትር ሊገዛ ሄደ ተባለ፤ እትዬ ወርቅአየሁ እያጉረመረመች እንቁላሎቹን ስታገላብጥ ዋለች። ማታ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ማሽኑ ፊት ተቀመጠና በፍሪጁ በር መስታወት አሻግሮ ሲያይ ቆየ። የትኛውን መስታወት እያየ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

ሃያ አንድ ቀን ሲሞላ እትዬ ወርቅአየሁ መቁጠሯን ገለጠችልን። ሰባት ዶሮ የምታስታቅፍ ሴት ናት፤ ቀን አይስታትም።

«ይኸነው፣ ሃያ አንድ ሞላው እኮ። ኧረ ገምቷል፤ ጣለው።»

«የዳክዬ ሃያ ስምንት ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሙሐባው።»

«እንቁላል እንቁላል ነው» አለች። ሃያ ስምንት ቀን የሚታቀፍ ነገር ሰምታ አታውቅም። አባቴ ወደ ጓሮ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምታወራው። «ይኼ ጉድ ከዚህ ቤት ካልወጣ ደግ ነገር አይገባም።»

በእሷ አልፈርድም፤ ሰው ሲከፋው የሚለውን ነው ያለችው። እኔ ግን ትእዛዝ አድርጌ ወሰድኩት። እንቁላሎቹ አንድም ገምተዋል፣ አንድም እናቴን አስወጥተዋል፤ በሁለቱም በኩል መውጣት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ሁለት ቀን ድፍረት አጠራቀምኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ቁልፉን ከምናስቀምጥበት ከድንጋዩ ሥር አወጣሁና ገባሁ። ማራገቢያዋ እንደ ልማዷ ታጉረመርማለች። ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤትም ሥራ ላይ ነው፤ የረቡዕ ወፍጮ ግድግዳችንን ያንቀጠቅጠዋል። ቦርሳዬን ሳላወርድ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ማራገቢያዋ ቀስ እያለች ቆመች። አምፖሎቹ ጠፉ። የፍሪጁን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና ብርዱ እንዲገባ የቤቱንም በር ከፈትኩ። ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንዱን እንቁላል በመዳፌ ያዝኩት፤ መስቀሉ ወደ ላይ ነበር። መጀመሪያ እንደ ሰው ጉንጭ ይሞቃል። ልቡን ማየቴ ትዝ አለኝ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት፤ ይኼን ዛሬም ቢሆን በልጅነቴ አላመካኝም። ሙቀቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ መዳፌን መቀዝቀዝ ሲጀምር መለስኩት። አልቅሼ ነበር። እናቴ ግን ትበልጥብኛለች፤ ለእንቁላል ብዬ እናቴን አልተውም ነበር።

አባቴ የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ስልኩን በእጁ ይዞታል፤ ሲገባ ሰላም አላለኝም። ፊቱ ያበጠ ይመስላል። የማሽኑን ዝምታ ለመስማት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ተንበረከከና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ነካ። መሬት ላይ የወደቀውን ሶኬት አየ፤ እኔን አየ። በማዶ ወፍጮው ይጮኻል።

«መብራት ጠፍቶ ነበር መሰል» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«አዎ። ጠፍቶ ነበር» አለና ሶኬቱን ሰካው። ራሱን የፍሪጁ ጎን ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። ወፍጮ ያለ መብራት እንደማይሠራ እንደ አባቴ የሚያውቅ ሰው እንጅባራ ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን ያመለጥኩ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ እናቴ መጣች።

ይኼን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ? ከአክስቴ ጋር ከባጃጅ ስትወርድ ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ አገኘኋት፤ ሮጬ እግሯ ላይ ተጠመጠምኩ። በሆዴ ‹እኔ ነኝ ያመጣሁሽ› እላለሁ። እትዬ ወርቅአየሁ እውነቷን ነበር፤ አንድ ሶኬት ነቅዬ እናቴን አስመለስኩ። እናቴ ከላይ ሆና ራሴን ያዘችው፤ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ሁለት ቦታ ርሷል፣ ጎምዘዝ ያለ የወተት ሽታ ሸተተኝ። መንገድ ላይ የጠጣችው የፈሰሰባት መሰለኝ።

የሞት ምልክት አውቅ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶች ነጠላቸውን ገልብጠው እየጮኹ ይመጣሉ፣ ንፍሮ ይበላል። ከዚህ አንዱም አልሆነም። ሦስት አራት ጎረቤቶች መጥተው በዝምታ ተቀመጡ፤ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አሏትና የቀረውን በአዊኛ ከአባቴ ጋር ተነጋግረው ሄዱ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና ሊገለበጥ ብሎ ይሆናል ብዬ ተረጎምኩት። በደስታ የምዘፍን እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ማታ እናቴ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ሳለች «እንቁላሎቹስ?» አለች።

ገርሞኝ ቀና አልኩ። አባቴ ሲመልስላት ወደ እኔ አላየም። «ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር» አላት። «እንጃ።»

እናቴ ጋቢውን እስከ ራሷ ሳበችው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከሃያው ሦስቱ ፈለፈሉ። መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት፤ ከአልጋ ተነሥታ ዱካውን ከማሽኑ ፊት አስጠጋችና የመጀመሪያው እስኪወጣ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ውኃ ብንሰጣት አልጠጣችም። ቢጫና ጥቁር የሆነች፣ የረጠበች፣ አንገቷን መሸከም ያቃታት ነገር ስትወጣ፣ ያቺ «ቤቴ ውስጥ አታድርግብኝ» ያለች ሴት በሁለት እጇ አንሥታ ጋቢዋ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ አስገባቻት። እዚያው አስተኛቻት። ያ ቦታ የእኔ ነበር። ሰባት ዓመት ሊሞላኝ የቀረኝ ልጅ ጋቢ ውስጥ በገባች ጫጩት ቀንቼ፣ ጀርባዬን አዙሬ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ሆኜ እናቴ ናፈቀችኝ። ሌሎቹ ሁሉ ሞተው እነዚህ ሦስቱ መትረፋቸውም አበሳጨኝ።

ሙሐባው ሊወስዳቸው ሲመጣ ሁለቱን ሰጠነው። ሦስተኛዋን እናቴ ከጋቢዋ አላወጣችም። ሰውየው አባቴን አየ፤ አባቴ መሬት አየ። «ትቅር እህቴ፣ ያንቺ ናት» አላት። ያቺ ዳክዬ አምስት ዓመት ጓሯችን ውስጥ እናቴን ስትከተል ኖረች። ሰፈሩ በጣም ሳቀብን።

ከጤና ጣቢያው በኋላ ለሳምንታት አልተኛሁም። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የእንጅባራ ሶኬት ባሕር ዳር ያለን ማሞቂያ እንደማያጠፋ አውቃለሁ። ማወቄ ግን አልጠቀመኝም። እናቴ በዚያች የእንቁላል ወሬ ተንጠልጥላ ሳለ ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ይሁን ካለፈ በኋላ አላውቅም። በሌላ ነገር ሁሉ ራሴን አሳምኜ እዚህች ላይ እቆማለሁ። በመጨረሻ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ሬዲዮ ከፍቶ ሽቦ እየበየደ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን መብራት አልጠፋም ነበር» አልኩት።

የትኛውን ቀን አላለኝም። «አውቃለሁ። ወፍጮው ይሠራ ነበር።»

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልሽ? አንዱን በዚያ ቀን አጥቼ፣ አንቺን ደግሞ በቁጣ ላጣሽ?»

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር ያረፈው?»

«ጠዋት» አለ ቶሎ ብሎ። «ሦስት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። አንቺ ክፍል ውስጥ ነበርሽ። ሶኬቱን ስትነቅይ እሱ ካለፈ ቆይቶ ነበር።» ቀና አላለም፤ ዓይኑ ሽቦው ላይ ነው። ይኼን መልስ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አዘጋጅቶ የጠበቀኝ ይመስል ነበር።

አባቴ ለእኔ ብሎ ሲዋሽ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያኔም ድምፁ እንዲሁ ነበር፤ ፈጠን ያለ፣ እኔን የማያይ። እውነቱን ነግሮኝ ይሆናል። እናቴ ሰዓቱን ታውቃለች፤ በዚያ ሰዓት እዚያ የነበረችው እሷ ናት። ከሱቁ እስከ ቤት የእግር መንገድ ነው፤ ሄጄ ልጠይቃት እችላለሁ።

«እሺ አባዬ» አልኩትና ዱካ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።